በእኔ ድምፅ የምታወራው ጓደኛዬ

ጥቅምት 6
ዛሬም ቁም ሳጥን ውስጥ ገብቼ የሳሙና ማስታወቂያ አነበብኩ። ጋቢውና ካፖርቱ ማሚቶውን ዋጥ ያደርጉልኛል... ስቱዲዮዬ ይኸው ነው። ስወጣ አከራዬ እትዬ ዘመነች በሩ ላይ ቆመዋል። «ደግሞ ከልብስ ጋር ስታወሪ ዋልሽ?»
ሥራ ግን ቀዝቅዟል። አንዱ ደንበኛ «የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽሽን ላኪልኝና ልየው» አለኝ። የለኝማ! ድምፄን ይስማ እንጂ ፊቴ ምን ያደርግለታል?

ጥቅምት 9
ሜቲ ከአየር ጤና መጣች። ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ጓደኛዬ። «አንቺ የሰው ዓይን ካየሽ ትሞቻለሽ። ገጹን እኔ ልክፈትልሽ፣ አንቺ ማንበብ ብቻ!» ገጹ ላይ የሚጻፈው ስልክም የእሷ ይሁን ተባባልን፤ እኔ የማላውቀው ቁጥር ሲደውል አላነሳም። «ስምሽንስ ልጻፈው?» አለችኝ። «ተዪው» አልኩ። ራሴ ነኝ ያልኩት። እፎይ... ተገላገልኩ።

ኅዳር 2
ገጹ ሞቀ። ሜቲ «ፊት የሌለው ገጽ ማን ያየዋል?» ብላ ራሷን መቅረጽ ጀምራለች። የእኔን ድምፅ ከኋላ ለቅቃ እሷ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። ሳቄ መጣ። እንዴት እንደምታምር! ቀልድ ነው... አይደል?

ኅዳር 11
እትዬ ዘመነች ስልካቸውን ይዘው ገቡ። «ይቺ ጓደኛሽ አይደለችም? ያንቺን ድምፅ ምን ብላ ዋጠችው?»
ኮሜንቶቹን አየሁ። «ሜቲዬ፣ ድምፅሽ መድኃኒት ነው!» የእሷ መልስ ከሥሩ፦ «አመሰግናለሁ ውዶቼ፣ የእግዜር ስጦታ ነው።»
የእግዜር!

ኅዳር 12
ጦር ኃይሎች፣ ካፌ ውስጥ አገኘኋት።
«ሰው እኮ አንቺን ነው የሚያውቀው» አልኳት።
«መታወቅ አልፈልግም ያለው ማን ነበር?»
«ፊቴን እንጂ... ድምፄን መች አልኩሽ?»
ማኪያቶዋን አማሰለች። «እፁ፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ነበርሽ። እኔ ነኝ ያወጣሁሽ።»
ያመመኝ ግማሹ እውነት መሆኑ ነው። ግን ገና አልጨረሰችም። ዋጋነሽ የምትባል፣ መጽሐፍ በድምፅ የምታሳትም ሴትዮ ቀጥራታለች። «አንቺ ታነቢያለሽ፣ ስሙ የእኔ ይሆናል። ፈርሜያለሁ።» እንዲህ... እንደ ዋዛ።
ታክሲው ቤቴል ሲደርስ ረዳቱ «እህት፣ መጨረሻ ነው!» እስኪለኝ አላወቅኩም።

ኅዳር 14
ደወለች። አላነሳሁም። አላነብላትም።

ኅዳር 19
የራሴን ገጽ ከፈትኩ። ስሜን ጻፍኩ፣ አንዲት አጭር ትረካ ጫንኩ። የመጀመሪያው ኮሜንት፦ «ሜቲን መቅዳት ይቅርብሽ። የራስሽን ድምፅ ፈልጊ።»
አለቀስኩ? ሳቅኩ? እኔ እንጃ...

ኅዳር 23
ላይቭ ገባሁ። በፊቴ! ማንበብ ስጀምር ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «የሜቲን ድምፅ ለቅቃ ከንፈሯን ነው የምታንቀሳቅሰው።» እኔን እኮ ነው!
እልህ ይዞኝ እያነበብኩ ሳለ እትዬ ዘመነች ከግቢ ጮኹ። «እፀገነት! ውሃ መጣ! ጀሪካኑን አውጪ!»
ሳላስበው «መጣሁ እትዬ! እስከዚያ ባልዲውን ያስቀድሙ!» አልኩ።
ኮሜንቱ ጎረፈ። «እንዴ! መለሰች እኮ፣ ድምፁ የራሷ ነው!» «ታዲያ ያቺኛዋ ማን ናት?» ዋጋነሽም ገብታ ኖሯል፤ «ቆይ፣ እኔ ማንን ነው የቀጠርኩት?» ብላ ጻፈች።
የሜቲ ስም ብቅ አለ። አንድ ቃል ትጽፋለች ብዬ ጠበቅኩ። ይቅርታ ባትል እንኳ ትስደበኝ። ምንም። ወጣች።
ውጭ ባልዲው ሞልቶ ይፈሳል፣ እትዬ ዘመነች ይቆጣሉ። እኔ ማንበቤን ቀጠልኩ።