እጅዎ አልከዳዎትም

ደባርቅ፣ የካቲት 19

ውድ ጋሼ ደርቤ፣

መጀመሪያ ጤናዎን መጠየቅ ነበረብኝ። ግን እንዴት እንዳሉ እትዬ ጤናዬ ነግረውኛል፤ ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝም እሱ ነው። በጥር ማለቂያ ለገበያ ደባርቅ መጥተው ጋራዡ ጎራ አሉ። «ጋሼ ደኅና ናቸው?» ብላቸው ነጠላቸውን አስተካከሉ። ከዚያ፣ «ምኑን ደኅና ሆኑት። እጄ ከድቶኛል ይላሉ። የበራችን ማጠፊያ ከተነቀለ ሦስት ሳምንት ሆኖታል፤ ምስማር አንሡ ስላቸው ሰው ጥሪ ይሉኛል። አሁንማ ጢማቸውንም የሚላጩት ሰው ዘንድ ሄደው ነው» አሉኝ።

ጋሼ፣ እጅዎ አልከዳዎትም። የአያ አለምነህን ላንድሮቨር ያበላሸሁት እኔ ነኝ።

አምና ነሐሴ ላይ ነው። አያ አለምነህ ለሳንቃ በር የፓርክ ጠባቂ ስካውቶች ዱቄትና ዘይት ሊያደርስ ስለነበር መኪናውን ለማግሥቱ እንድንጨርስለት ለመነን። እርስዎ ለቅሶ ሊደርሱ ወጡና የሙቀት ሴንሰሩን የመግጠሙን ሥራ ለእኔ ተዉልኝ። «በእጅሽ ጀምሪው፤ በጣትሽ እሺ ሳይልሽ ቁልፍ እንዳታስገቢ» ብለውኝ ነበር። እኔ ግን ቸኮልሁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ ጣቶቼ በብርድ ደንዝዘዋል። ሴንሰሩ ተንጋዶ መግባቱን እያወቅሁ በቁልፍ ገፋሁት። መጀመሪያ ጠነከረ፤ ቀጥሎ ድንገት ለቀቀና ያለ ትግል ዞረ። ሳወጣው ከሞተሩ የላይ ክፍል፣ ከቴስታታው፣ የተፋቀ ብረት በጥርሱ ላይ ተጠምጥሞ ነበር። የቀዳዳው ጥርስ አልቋል።

ልነግርዎ አስቤ ነበር። ግን ስድስት ዓመት ሙሉ ሰው ሁሉ «ሴት ልጅን ምን ሞተር አስነካት» ሲልዎት፣ «እጇን እዩት» እያሉ የመለሱልኝ እርስዎ ነዎት። ያን ቀን እጄን እንዲያዩት አልፈለግሁም። ነጭ የቧንቧ ቴፕ ደራርቤ ጠመጠምሁበት፣ ማስቲሽ ቀባሁበት፣ መልሼ ሰካሁት። ከለቅሶ ሲመለሱ «ጠበቀ?» አሉኝ። «ጠብቋል» አልሁ። እንደ ልማድዎ ለራስዎ ሊያረጋግጡ ቁልፉን ይዘው ትንሽ ገፋ አደረጉት። ይኸው ስድስት ወር ሆነ፣ ራስዎን የሚወቅሱት በዚያች ግፊት ነው።

ሴንሰሩ ከሳንቃ በር በታች ዳገቱ ላይ ተፈናጥሮ ወጣ። እሱ ከወጣ ደግሞ የሙቀት መቁጠሪያው ወደ ቀዝቃዛው ይወርዳል፤ አያ አለምነህ ውሃው በቀዳዳው ፈስሶ ማለቁን ያወቀው ሞተሩ ሲቆም ነው። ኮፈኑን ሲከፍት እንፋሎቱ ክንዱን ላጠው። ክንዱ ተጠቅልሎ ጋራዡ ሲመጣ እኔ እዚያው ቆሜ ነበር። እርስዎ የተበላውን ቀዳዳ በጣትዎ ዳሰሱና፣ «መጨረሻ ያሰርሁት እኔ ነኝ። እጄ መጠኑን ስቷል፤ ሸምግያለሁ» አሉ። እኔን ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም። ልጠረጠር እንደምችል አልታሰብዎትም። በሳምንቱ የጋራዡን ቁልፍ ሰጥተውኝ ዳባት ገቡ። እኔም «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ ተቀበልሁ።

እትዬ ጤናዬ ከሄዱ በኋላ ሥራ እምቢ አለኝ። በማግሥቱ አያ አለምነህ ቤት ሄድሁ። መኪናው ግቢው ውስጥ በሸራ ተሸፍኖ ቆሟል። ሁሉንም ነገርሁት። ከዚያ እጅጌውን ወደ ታች ሳበና፣

«የእኔስ ክንድ ድኗል። ለእሳቸው ነግረሻቸዋል?» አለኝ።

«አልነገርኋቸውም።»

«ታዲያ እኔ ዘንድ ምን ትሠሪያለሽ?»

ቅዳሜ ዳባት መጣሁ። በርዎ ላይ ቆሜ ድምፅዎን ሰማሁ። ለአንድ ሰው «ተወው፣ አንተው ፍታልኝ» ይሉ ነበር። ምን እንደሚፈታልዎ አላየሁም። እግሬ አልገባም አለኝ፤ ወደ መናኸሪያ ተመለስሁ። ፊትዎ ቆሜ መናገር ስላቃተኝ ነው የምጽፈው።

መኪናውን አስጎትቼ አምጥቻለሁ። ቴስታታውን ፈትቼ ጎንደር ብረት መቅረጫ፣ ቶርኖ ቤት፣ ወሰድሁት፤ የተጣመመውን አስላግሁ፣ ውስጡም ውጪውም ጥርስ ያለው ትንሽ የነሐስ ቀለበት፣ ቦኮላ፣ አሠራሁ። የዚህ አሮጌ መኪና ሴንሰር በሌላ ልክ ስለማይገኝ ቀዳዳውን ወደ ሴንሰሩ ልክ መመለስ ነበረብኝ። የተበላውን በመብሻው፣ በትራፓኖ፣ አሰፋሁና አዲስ ጥርስ በእጄ አወጣሁለት፤ ግማሽ ዙር ወደ ፊት፣ ትንሽ ወደ ኋላ፣ ፍቅፋቂውን እየጠረግሁ። ከዚያ ቦኮላውን በማጣበቂያ አሰርሁት። ያን ቀን አፌን ከፍቼ ቢሆን ኖሮ አያ አለምነህ ቢበዛ ሦስት አራት ቀን በቆየ ነበር።

ሴንሰሩን ግን አልገጠምሁትም። አያ አለምነህ «እሳቸው ካላሰሩት አልነዳውም» ብሏል። ይህን ደብዳቤ ይዞ የሚመጣው እሱ ነው፤ ከወደዱ ከእሱ ጋር ይምጡ። እኔን ማየት ካልፈለጉም ለእሱ ይንገሩት፤ ጋራዡን ለቅቄ ጃናሞራ እናቴ ዘንድ እገባለሁ፣ ቅርም አልሰኝም።

ይቅር ይበሉኝ ለማለት አፍ የለኝም። አምና ሐሰቴን አምነውኛል፤ ዘንድሮ እውነቴን እንዲያምኑኝ ብቻ ነው የምለምንዎት።

ተማሪዎ፣
የትናየት