ጉም ውስጥ የቀረችው ጨረቃ

ሐምሌ 28 ቀን 1944፣ ጠዋት
መርፌ ቀቅዬ ገና እጄን ሳልጠርግ ከአምባራስ መልእክተኛ ደረሰ። ሚስቴ ውባለም ምጥ ከያዛት ሁለተኛ ቀኗ ነው። ለመጀመሪያ ልጇ እናቷ ቤት ትውለድ ብዬ መልቀቄ! ደባርቅ ክሊኒክም ቢሆን ከእኔ ከድሬሰሩ፣ ከቁስል አሳሪው በቀር ማንም የለበትም። ጎንደር ሆስፒታል መድረስ አለባት። የጭነት መኪናው ረቡዕ ጎህ ሲቀድ ይነሳል። በቃሬዛ አውርዷት፣ ጨረቃዋ ሙሉ ናት፣ ሌሊቱንም ተጓዙ፣ እኔ መኪናውን ይዤ እጠብቃለሁ ብዬ መልእክተኛውን መለስኩት።

ሐምሌ 29፣ ከቀትር በኋላ
ምነው ቀደም ብሎ በነገረኝ! የትምህርት ቤቱ መምህር ታደሰ ዛሬ ማታ ጨረቃ ትጋረዳለች ይላል። ከውጭ አገር የመጣ የቀን መቁጠሪያ አለው። ምንጊዜም የምትጋረደው ሙሉ ስትሆን ነው አለኝ፤ ምድር በፀሐይና በእሷ መካከል ስትገባ። የዛሬው ግማሿን ብቻ ነው፤ እኩለ ሌሊት ላይ ይለቃታል። በጥር ወር የሚመጣው ደግሞ ሙሉዋን ነው እያለ ደስ ብሎት ያወራል። ለአማቼ ለመሪጌታ ግን ግማሽ የሚባል የለም። ጨረቃ ጨልማ መንገድ መሄድ፣ ያውም ምጥ ላይ ያለች ሴት ይዞ፣ እግዜርን መፈታተን ነው። ቃሬዛውን ያስቀምጡታል። አውቃቸዋለሁ። ሲለቃት ግን ይነሳሉ። ደብተሬ፣ ይነሳሉ በለኝ።

እኩለ ሌሊት
ለቀቃት! ክረምት ቢሆንም ሰማዩ ጥርት ብሏል። የደባርቅ ሰው ሁሉ ደጅ ወጥቶ እግዚኦ ሲል አመሸ። አሁን ሙሉ ናት። ይሄኔ ተሸክመዋት ተነስተዋል። ሹፌሩ ትንሽ ሊጠብቀኝ ቃል ገብቷል።

ሐምሌ 30፣ ረቡዕ ማታ
ሹፌሩ እስከ ረፋዱ ጠብቆ ሄደ። ከሰዓት ደረሱ። እጄ ላይ ሞተች። ልጁም አልተወለደም።
ወንድሟ እያለቀሰ ነገረኝ። መንገድ ላይ ሳሉ ጨረቃዋ ግማሿ እንደጠቆረ ጉም ተነስቶ ዋጣት። ለቀቃት አልለቀቃት ማን ይወቅ? መሪጌታ አትነሱ አሉ። ውባለምን ከበው እስኪነጋ ተቀመጡ።

ነሐሴ 1
ቀበርናት። የመሪጌታን ፊት ማየት አልቻልኩም። እነግራቸዋለሁ። እርስዎ ጉም ውስጥ ሲጠብቁ ጨረቃዋ ከላይ ፍንትው ብላ ነበር እላቸዋለሁ። እንደ እኔ ይቃጠሉ!

ነሐሴ 3፣ ሰልስት
መሪጌታ ከለቀስተኛው መሃል ጠሩኝ። ከቀብሩ ወዲህ እህል አልቀመሱም። እጄን ያዙኝ።
«ልጄ፣ አንተ እዚህ ሆነህ ሳታያት አልቀረህም። መቼ ነው የለቀቃት?»
ያዘጋጀሁት ሁሉ አፌ ላይ ነበር።
ጎህ ሲቀድ ነው አልኳቸው። ግንባራቸውን ትከሻዬ ላይ ጥለው አለቀሱ፤ እኔም አለቀስኩ።
ደባርቅ ሁሉ ግን አይቷታል። አንዱ ሳይነግራቸው ነገ በጠዋት ይዣቸው ወደ አምባራስ እወጣለሁ። ክሊኒኩ ይዘጋ።