ደወሉ የሚጮኸው ለምዕራፍ አንድ ነው

ሐሙስ፣ የካቲት 13

ውድ እታለም፣

አንድ የደበቅኩሽ ነገር አለ። ይህን ያስቀደምኩት፣ ሰላምታ ውስጥ ከገባሁ በዚያው ሾልኬ እንደምቀር ስለማውቀው ነው።

አሁን ሰላም ልበልሽ። እንዴት ነሽ? ሳሉ ለቀቀሽ ወይ? ወገብሽስ? ሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ አንሶላ ስታጥፊ ቀኑን ሙሉ ቆመሽ እንደምትውዪ የነገርሽን ጊዜ፣ አባባ «የልጄ ወገብ ብረት መሰላቸው እንዴ?» ብሎ ተቆጥቶ ነበር። ባለቤትሽስ ደህና ነው? ልጅሽ ድምቡሼስ ጥርስ አወጣች? እኛ ደህና ነን። የእማማ ክንድ ድኗል፤ ብርድ ሲሆን ይጠዘጥዛታል እንጂ መቀሱን እንደ ድሮው ይዛዋለች። አባባም ከብየዳው ዓይኑን አቅልቶ ይመጣል፣ መነጽር አድርግ ሲሉት «አደርጋለሁ» ይላል፣ አያደርግም። የምታውቂው ነው።

በስልክ ያልነገርኩሽ እማማ ድምፁን ከፍ አድርጋ ስለምታናግርሽ ነው፤ የምትዪውን ደንበኛው ሁሉ ይሰማዋል። ስለዚህ በወረቀት ጽፌ፣ በአባባ ስልክ ገጽ በገጽ ፎቶ አንስቼ ልልክልሽ አሰብኩ። እባክሽ ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

ነገሩ የአልጀብራው ነው። ኮምፒውተሩን ከላክሽልኝ ቀን ጀምሮ እንዳልሽኝ ከሰዓት በኋላ እቀመጣለሁ። ሌላ ሶኬት ስለሌለ የምቀመጠው ከእማማ የስፌት መኪና አጠገብ ነው። ፕሮግራሙ ጥያቄ ይሰጣል። መልሱ ትክክል ሲሆን እንደ ደወል ቅጭል ይላል፤ ሲሳሳቱ ደግሞ ጆንያ የወደቀ ይመስል ዱብ ይላል። እማማ ማንበብ ስለማትችል ትምህርቴን የምትከታተለው በጆሮዋ ነው። ጀርባዋን ሰጥታኝ እየሰፋች፣ ቅጭል ባለ ቁጥር «እሰይ!» ትላለች።

ምዕራፍ አንድ ቀላል ነበር። ኤክስ ላይ ሦስት ሲደመር ሰባት ቢመጣ ኤክስ ስንት ነው፣ የዚህ ዓይነት ነው። ሁለትንና ሦስትን እንደምንም ገፋኋቸው። ምዕራፍ አራት ላይ ግን ኤክስ ከእኩል ምልክቱ በግራም በቀኝም መጣ። መለስኩ፣ ዱብ። ደገምኩ፣ ዱብ። ሦስተኛም ዱብ ሲል የእማማ መኪና ቆመ። «ምነው ልጄ፣ አመመሽ?» አለችኝ። ቀሚስ ልትለካ የመጣች ደንበኛ እጆቿን እንደዘረጋች «ኮምፒውተሩም ይቆጣል እንዴ?» ብላ ሳቀች። ለቀልድ ነው፣ ክፉ ሴት አይደለችም። እኔ ግን ፊቴ ሲግል ታወቀኝ። ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ወደ ምዕራፍ አንድ ተመለስኩ። ቅጭል አለ። እማማም መኪናዋን አስነሳች።

ለዚያ ቀን ብቻ ነው ብዬ ነበር። ይኸው ሁለት ወር ሊሞላው ነው። የምዕራፍ አንድን ጥያቄዎች ሳላነባቸው እስክመልስ ድረስ በቃሌ ይዣቸዋለሁ። ራት ላይ እማማ «ዛሬ አርባ ጊዜ ጮኸላት» ስትል አባባ «ቀስ በይ እንጂ፣ ዕቃው ድምፁ ይዘጋል» ይለኛል። እኔ ዓይኔን ከሳህኑ አላነሳም።

አንቺም እሁድ እሁድ ፕሮግራሙ በስልክሽ የሚልክልሽን ሪፖርት ታነቢልናለሽ። ሁለት መቶ ትክክል፣ ዜሮ ስህተት። የምዕራፉ ቁጥር ከታች በደቃቅ ፊደል ተጽፏል፣ አላየሽውም። ምነው ባየችው እያልኩ ስንት ጊዜ ተመኘሁ። ለሥራ ባልደረቦችሽ እያዞርሽ እንዳሳየሽው ስትነግሪን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ከዚያ ይባስ ብሎ ለትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ደወልሽ። እሳቸው ሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ሲጀመር ስምንተኛ ክፍል ትግባ ቢሉሽ፣ አንቺ «እህቴ ስምንተኛን አልፋዋለች፣ ለዘጠነኛ ፈትኗት» ብለሽ አሳመንሻቸው። ፈተናው ሰኞ ነው፣ በወረቀት። የዘጠነኛውን ከወደቅኩ እስከሚመጣው ዓመት የሚቀበለኝ የለም። የስም ዝርዝሩ የሚዘጋው ደግሞ ነገ ነው። ይህን ሁሉ እያወቅኩ ዝም አልኩ።

ዛሬ እማማ የደንብ ልብሴን ጨርቅ ቆረጠች። የስምንተኞች ግራጫ ነው፣ የዘጠነኞች ሰማያዊ። ሰማያዊውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ፣ በሳሙና አስምራ፣ እኔን እያየች እየሳቀች ቆረጠችው። ቆይ ልላት አፌን ከፍቼ ነበር፣ ጎንበስ ብዬ ቁርጥራጩን መልቀም ጀመርኩ። ከዚያ ዚፕ ልትገዛ ወጣች።

ቤቱ ጭር ሲል ምዕራፍ አራትን ከፈትኩ። ዱብ አለ። ድሮ ዱብ ሲል ደንግጬ እዘጋው ነበር። ዛሬ የሚሰማኝ ሰው ስለሌለ ሳልዘጋው ብቆይ፣ ከሥር ሌላ ገጽ ተከፈተ። የተሳሳትኩበትን ቦታ በቀይ አስምሮ፣ ከሁለቱም ወገን እኩል መቀነስ እንዳለብኝ አንድ በአንድ ያሳያል። ለካ ፕሮግራሙ የሚያስረዳው ሲሳሳቱ ነው! ትክክል ለመለሰ ሰው ደወሉን ሰጥቶ ያልፋል። ሁለት ወር ሙሉ ምንም ያላስተማረኝ እኔ ስላልፈቀድኩለት ነው። ዘጠኝ ጊዜ ተሳሳትኩ። ዐሥረኛውን አገኘሁት፤ እንዴት እንዳገኘሁትም አውቀዋለሁ። ብቻዬን ሳቅኩ።

ሳቄ ግን አልቆየም። ፕሮግራሙ ዐሥራ ሁለት ምዕራፍ አለው። በሦስት ቀን የት እደርሳለሁ?

እታለም፣ ትምህርት ያቋረጥኩት እማማ ክንዷ ሲሰበር በእሷ ቦታ ልሰፋ ስለሆነ፣ አንቺ ራቅ ብለሽ መሄድሽ ሁልጊዜ እንደሚቆጭሽ አውቃለሁ። ኮምፒውተሩንም ለዚያ እንደላክሽው አውቃለሁ። ያዋረድኩሽ እንዳይመስልሽ ነው ከሁሉ የምፈራው። ለባልደረቦችሽ ምን እንደምትያቸው እንጃ። በእኔ አሳብቢው። የመጪው እሁድ ሪፖርት ስህተት በስህተት ሆኖ ይመጣልሻል። ስታዪው አትደንግጪ፣ ያኔ መማር ጀምሬያለሁ ማለት ነው።

ለባለቤትሽ ሰላምታዬ ይድረሰው፤ ለእናቱም እንዲሁ፣ ጉልበታቸውን ይማርልን። ድምቡሼን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ። አባባ ስልኩን ለምን እንደፈለግኩት ባያውቅም ሰላም ይልሻል፣ እማማም እንደዚሁ።

ነገ ጠዋት ሰማያዊው ጨርቅ መርፌ ሥር ሳይገባ ለእማማ እነግራታለሁ። ከዚያ አብራኝ መጣችም ቀረችም፣ ዝርዝሩ ሳይዘጋ ትምህርት ቤት ሄጄ፣ ድምፄ እንቢ ቢለኝ እንኳ በወረቀት ጽፌ፣ ዳይሬክተሩን ለስምንተኛ ክፍል እንዲመዘግቡኝ እለምናቸዋለሁ።

ታናሽሽ
ከቤታችን፣ ከስፌት ክፍሉ