ልጄ ለአባቱ የነገረው

የኔ እመቤት፣ ጎረቤቴ፣ እንዴት ሰነበትሽ? ሐይቁ ካርዱ ላይ እንደምታዪው ያምራል፤ እኔ ግን በየት በኩል ልየው!

የሜኖናይት ቤተ ክርስቲያናችን የቤተሰብ ጉባኤ ዘንድሮ ስለ ዕርቅና ስለ ሰላም ነው። ዛሬ ጠዋት አስተማሪዋ አባቶችን ከልጆቻቸው ፊት ለፊት አስቀመጠች። ደንቡ፣ መልስ ከመስጠትህ በፊት ሌላው ያለውን በራስህ አፍ መድገም ነው። የኔው ልጅ አንገቱን ደፍቶ፣ «አባዬ፣ ወታደር ልሆን ተመዝግቤያለሁ፤ በሚቀጥለው ሳምንት እሄዳለሁ» አይል መሰለሽ! አባቱ «እኛ ሜኖናይቶች ጦር መሣሪያ አንነካም» እያለ እንዳሳደገው ታውቂያለሽ።

እቤት ቢሆን ጩኸታቸው ግድግዳውን አልፎ አንቺ ጋ ይደርስ ነበር። እዚህ ግን ያ ወሬ የማያልቅበት አናጺው ባሌ፣ «ልጄ ወታደር...» ብሎ ጀመረና አቃተው። እንደገና ሞከረ፤ አሁንም «ወታደር» ላይ ቆመ። በመጨረሻ ደንቡን ትቶ፣ «ፈርተሃል እንዴ ልጄ?» አለው።

«በጣም» አለ ልጁ። «ግን ጓደኞቼ ሄደው እኔ ብቀር አፍራለሁ።»

አባቱ አልተቆጣም። እጁን ይዞ ወጣ። ይኸው እስካሁን ሐይቁ ዳር ተቀምጠው ያወራሉ። ሐሳቡን ይቀይር አይቀይር አላውቅም፤ በመስኮት አያቸዋለሁ።

ቦታ አለቀብኝ። ካርዱን ዛሬ ወደ እናንተ ለሚመለሰው የጉባኤው ሾፌር እሰጠዋለሁ፣ ቀድሞን ይደርሳል። ልጆቹን ሳሚልኝ፤ እማማንም ሰላም በይልኝ። ነገ ስንመጣ ልጄን በር ላይ ብታገኚው ምንም አትጠይቂው፤ እንደ ሁልጊዜው ስቀሽ ተቀበዪው። እኔማ ፊቴ ያሳብቅብኛል።