የአባታችን ስም ያለበት መኪና

ይድረስ ለወንድሜ ለድዋይት፤ ትሪኒዳድ፣ ኮሎራዶ

ውድ ወንድሜ፣ እንዴት ሰንብተሃል? ብርድ ሲገባ ያመኛል ያልከው ወገብህ እንዴት ሆነ? ባለቤትህ ማርሴላ እንዴት ናት? የልጆቹ ጉንፋን ለቀቃቸው ወይ? የተራራው ብርድ ከእኛው ይብሳል ሲሉ ስለምሰማ ከሐሳቤ አትወጡም። እኔ ደኅና ነኝ። እማዬም ከጉልበቷ በቀር ደኅና ናት፤ ምላሷን እንደሆነ ምንም አልነካውም።

ስለ አባዬ የጭነት መኪና በስልክ ብነግርህ «አንቺ ልጅ፣ ያ ቢሮ ሊያሳብድሽ ነው» ብለህ ስለሳቅህብኝ ነው ብዕር ያነሳሁት። እባክህ ይህን ቁጭ ብለህ አንብበው። አንተ በዚያ በራቶን ቁልቁለት ሥር ተማሪ በአውቶቡስ የምታመላልስ ሰው ስለሆንክ ነገሩ ከሁላችንም ይልቅ አንተን ይነካል።

ሥራዬን ታውቀዋለህ። ጭነት ስጡኝ የሚል ድርጅት ወደምሠራበት የአማሪሎ የጭነት ደላላ ቢሮ ሲመጣ ምዝገባው ያላለፈበት መሆኑን አያለሁ፤ መኪኖቹ መንገድ ላይ ሲፈተሹ የተገኘባቸውንም አነባለሁ። ፍሬኑ የላላ ወይም ጎማው ያለቀ ከሆነ አይሆንም እላለሁ። አማሪሎ ያሉ ሾፌሮች «አማታችን» እያሉ የሚያሙኝ ለዚህ ነው።

ባለፈው ወር አንድ ቀን ከምሳ ስመለስ አንድ ማመልከቻ ጠበቀኝ። ስሙን ደግሜ አነበብኩት። ኦርቪል ታኬት ጭነት፣ ዳልሃርት፣ ቴክሳስ። አንድ መኪና፣ አንድ ሾፌር። ምዝገባው በሥራ ላይ ይላል። አድራሻው እኔና አንተ ያደግንበት ቤት ነው። በቁሙ አንድ ጥፋት ያልተገኘበት አባታችን፣ ከቀበርነው በኋላ ቱኩምካሪ ላይ በፍሬን፣ ቀጥሎ አማሪሎ ላይ በጎማ ተይዟል። ወደ ቤት እየቀረበ የሚመጣ ነው የሚመስለው። ሌባ ስሙን ሰርቆ ነው ብዬ ራሴን አረጋጋሁ፤ ሥራችን ላይ እንዲህ ያለው ነገር አዲስ አይደለም።

ቅዳሜ ዳልሃርት ቤት ስደርስ ትልቁ የግቢ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። አባዬ መኪናውን እንዲያስገባ እማዬ ድሮ እንደምትከፍተው ማለቴ ነው። ምዝገባውን ማን እንደሚያድስ ስጠይቃት አላፈረችም። «እኔ ነኝ። ከመንግሥት መኪና ስንት፣ ሾፌር ስንት ብለው ሲጠይቁኝ አንድ አንድ ብዬ እልክላቸዋለሁ። ካልሞላሁት አይሠራም ብለው ሊጽፉበት ነው። አባትሽ መቼ ሥራ ፈትቶ ያውቃል?» አለችኝ። መኪናውን የሸጥን ቀን ትዝ ይልሃል? በሩ ላይ ያለውን ስምና የምዝገባ ቁጥር ልትፍቅ መፋቂያ ብረቱን ስታነሳ «ተው፣ ስሙን አታጥፋብኝ» ብላ ከእጅህ ቀማችህ። እኛም ተውነው። ገዢው ከነስሙ ይዞት ሄደ። እንግዲህ ሌባው ምንም መሥራት አላስፈለገውም፤ ስሙንም ቁጥሩንም እኛው አሳምረን ሰጥተነዋል።

ይህን ሁሉ ባስረዳት በጄ አላለችም። «ሰሞኑን ሁለቴ በዚህ አልፏል፤ የሞተሩን ድምፅ እኔ አጣዋለሁ?» አለች። ነዳጅ ማደያው ያለው ሆባርትም ሲያየኝ እንደ ወትሮው አልቀለደም። «አረንጓዴው የአባታችሁ መኪና መጥቶ ነበር። ሾፌሩ ኮፍያውን ዝቅ አድርጎ ነዳጅ ቀዳና ሄደ። ሎርና፣ ፊቱን ላየው አልፈለግሁም» አለኝ። እማዬን ምዝገባው ይዘጋ፣ በአባዬ ስም ሰው ሊሞት ነው ብዬ ብለምናት «ብትዘጊበት ወዴት ይገባል?» አለችኝ። ድዋይት፣ እውነቱን ልንገርህ፣ በገዛ ቤታችን ፍርሃት ያዘኝ።

በመጨረሻ ማመልከቻው ላይ ወዳለው ስልክ እሷም እየሰማች ደወልኩ። ቶሎ ተነሳ። «ታኬት ነኝ፤ ምን ልጫን?» አለ። አባዬ ስልክ ሲያነሳ የሚላት ቃል ናት። ስሙን ከበሩ አነበበው እንበል፤ አባባሉን ከየት አመጣው? እማዬ ስልኩን ወሰደችና ቀስ ብላ «በልተሃል ወይ?» አለችው። የሚሰማው ነፋስ ብቻ ነበር። ከዚያ «አልበላሁም፣ እማማ። ከአለቃዬ ቢሮ ነሽ? ፍሬኑ አይዝም ብያችሁ ነበር እኮ። አሁንም ራቶንን ውረድ ነው የምትሉኝ?» አለ። አትውረድ ብላ ሳትጨርስ ተቋረጠ። ከዚያ ወዲህ ስልኩ አይነሳም።

እማዬ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና «ኦርቪል ፍሬኑ የማይዝ መኪና ከግቢ አስወጥቶ አያውቅም። እሱ አይደለም» አለች። ከቀብሩ ወዲህ ስታለቅስ ያየኋት ያኔ ነው። ምዝገባው ይዘጋ የሚለው ወረቀት ላይ ፈረመች። ከዚያም ላግዝሽ ብላት እምቢ ብላ እያነከሰች ወጥታ የግቢውን በር ዘጋችው።

ሰኞ ምዝገባውን አስዘጋሁ፤ ለመንገድ ፖሊስም ተናገርኩ። አሁን የአባዬን ስም ስትፈልግ አይሠራም ይላል፤ ሳየው ሁለተኛ የቀበርኩት መሰለኝ። ግን ስሙ የተሰረዘው ከመዝገቡ እንጂ ከመኪናው አይደለም። ራቶን አፋፉ ላይ ቆሞ አየነው የሚሉ አሉ፤ ፖሊስ ሲደርስ የለም። ያ ሾፌርም የሰው ልጅ ነው፣ እንቅልፌን የሚነሳኝ እሱም ጭምር ነው።

ማርሴላን ሳምልኝ። እናቷን ሴኞራ ኤሉቴሪያን እንዴት ነዎት በልልኝ፤ የላኩልን በርበሬ እማዬን አስነጥሷት ሊገድላት ነበር። ትንሿን ሎላን፣ ኤመትንም ጉንጫቸውን ሳምልኝ። ሆባርት ሰላም ብሎሃል። እማዬ ደግሞ ያኔ ከእጅህ የቀማችህን ብረት ከደብዳቤው ጋር ልካልሃለች። ጨርቅ ጠቅልላ አስቀምጣው ኖሯል። መኪናውን ቆሞ ካገኘኸው ስሙን ፋቅልኝ ብላለች። ቁልቁል ሲመጣ ካየኸው ግን ወንድሜ፣ በሩ ላይ የአባታችንን ስም አይተህ እጅህን እንዳታውለበልብ፤ ተማሪዎቹን ይዘህ ከመንገዱ ውጣ።

እህትህ ሎርና
ዳልሃርት፣ ቴክሳስ፤ ኖቬምበር 15 ቀን 2018 እ.ኤ.አ.