የጠርሙስ ግቢ

ለውድ ባለቤቴ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ሥራው አልከበደህም ወይ? እኛ ፈጣሪ ይመስገን አለን። ሉሊት ፊደል ለይታለች፤ እናቴም ደህና ናት። ዘንድሮ መካነ ሰላም ውርጩ በርትቷል። ስልክ ላይ የማይነገር ነገር ስላለኝ ነው ጽፌ አንተ ወዳለህበት አገር ለሚመለሰው ጎረቤታችን ለበፍቃዱ የሰጠሁት። ብቻህን ሆነህ አንብበው።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሉሊትን ይዤ የጠርሙስ ግቢ ወደሚሉት ቦታ ሄድኩ። አንተ ከሄድክ በኋላ የመጣ ነገር ነው። በከላላ መንገድ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ጋሼ ይርዳው የሚባሉ ሽማግሌ የተሰበረ ጠርሙስ እያቀለጡ ዶቃና ትንንሽ ወፍ ይሠራሉ። ባለቤታቸው እትዬ ብርሀንነሽ ደግሞ የጨርቅ አሻንጉሊትና የጭቃ በሬ። አጥሩ ራሱ ጠርሙስ ነው። ሰው ልጁን ይዞ ይመጣል፤ ልጆቹ እየተሻሙ ወናፉን ይነፋሉ። ሁሉም ይስቅ ነበር። እኔም አብሬ ቆሜያለሁ፤ ደስም አላለኝም፣ አልከፋኝም። ከሄድክ ወዲህ እንዲህ ነኝ።

ሉሊት አረንጓዴ ዶቃ አማራት። ከምድጃው አጠገብ ድንጋይ ላይ የተቀመጠውን በግራ እጄ አንስቼ፣ ክር እስኪያመጡልኝ ጨብጬው ቆምኩ። የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። የሰው ልብስ እሳት የነካው መስሎኝ ዞር ዞር ብዬ አየሁ። ሉሊት "እማ፣ እጅሽ" አለች። ጋሼ ይርዳው በጉጠታቸው ዶቃውን መትተው ጣሉት። መዳፌ ነጭ ሆኖ ተልጧል። ምንም አላመመኝም።

ሌላው ሰው ሲጯጯህ እሳቸው ወደ ቤት አስገቡኝ። ከአሻንጉሊት መሙያው ጥጥ ቆንጠር አድርገው፣ ዓይኔን እንድጨፍንና ሲነኩኝ እንድናገር አዘዙኝ። ጨፍኜ ጠበቅኩ። ገና አልጀመሩም ብዬ ዓይኔን ስገልጥ ጥጡ ክንዴ ላይ ነው፤ ጭርት ነው ብለን አንተ ቅባት የላክህልኝ፣ ነጣ ያለው ቦታ ላይ። ያን ጊዜ ጣቶቻቸውን ልብ ብዬ አየኋቸው። ከግማሽ የቀሩ ናቸው። እሳት የበላቸው መስሎኝ ነበር።

"እኔ ዘግይቼ ነው፤ አንቺ ቶሎ ደርሰሻል። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ሂጂ፣ መድኃኒቱን ሳታቋርጪ ዋጪ፣ ትድኛለሽ" አሉኝ። መድኃኒት የጀመረ ሰው ለሌላ እንደማያስተላልፍም ነገሩኝ። የበሽታውን ስም እዚህ አልጽፈውም። እናትህ ስሙ ሲጠራ እንዴት እንደሚያማትቡ ታውቃለህ።

ስወጣ እትዬ ብርሀንነሽን፣ ጋሼ ይርዳውን ሲያገቡ አልፈሩ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ቀና ሳይሉ እየሰፉ፣ "ፈርቻለሁ እንጂ። ሰው ሁሉ ሸሽቶት ነበር፤ እኔ ግን ወድጄው ነበር" አሉ። ለሉሊት አንዷን አሻንጉሊት ሰጧት፤ መንገዱን ሙሉ ስታወራት መጣች። እኔ አላለቀስኩም።

ሰኞ በጠዋቱ መኪና ወደ ቦሩ ሜዳ እሄዳለሁ። ሉሊት ከእናቴ ጋር ትሆናለች። ለፋሲካ እመጣለሁ ያልከውን ለሉሊት እስካሁን አልነገርኳትም፤ ይህን አንብበህ የምትለውን እጠብቃለሁ።

ያገርህ አምላክ በሄድክበት ይጠብቅህ፤ ከክፉ ሰው ዓይን ይሰውርህ፤ እንጀራህን ይባርክልህ።

የሉሊት እናት