የሬዲዮዋ «እትዬ ነገ»

እህታችን ከልብስ ሰፊ እናታቸውና ከፖስታ አዳይ አባታቸው፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ባለችው ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። የቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ናቸው። ይህን የጻፍኩት እኔ የመጨረሻዋ ነኝ። ጽሑፉ ቢደርቅባችሁ ይቅርታ፤ እንባው እስካሁን አልመጣም።

አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እንደጨረሱ በሬዲዮ ጣቢያው በጸሐፊነት ተቀጠሩ። አንድ ቀን ተዋናይዋ ስትቀር «ነይ እስቲ አንቺ አንብቢው» ተብለው ስቱዲዮ ገቡ፤ በዚያው ቀሩ። የጣቢያውን የድምፅ ባለሙያ አግብተው ሴትና ወንድ ልጅ ወለዱ። ባለቤታቸው «ሳቋ ቀረጻ እያበላሸ ሲያስቸግረኝ አገባኋት» ይላሉ።

አገር ያወቃቸው በጣቢያው የጤና ድራማ እትዬ ነገን ሆነው ሲጫወቱ ነው። እትዬ ነገ ጡቷ ላይ እብጠት አግኝታ፣ ሐኪም ቤት ሂጂ በተባለች ቁጥር ሰበብ የማታጣ ሴት ናት። ዛሬ ልብስ አጥባለሁ፣ ዛሬ እንግዳ አለብኝ፤ «ኧረ ቆይ፣ ነገ የት ይሄዳል!» አድማጩ ሳቀ፣ ተናደደም። ሽንኩርት ሻጯ እህታችንን «መጀመሪያ ሄደሽ ታዪ፣ አልሸጥልሽም!» ብላ መልሳቸዋለች። የድራማው ደራሲ እትዬ ነገን ሊገድላት አስቦ ነበር። እህታችን ግን «ከሞተችማ ሰሚው ይፈራል እንጂ አይሄድም፤ ትሂድና ትዳን» ብለው ተከራክረው ረቱ። እትዬ ነገ በድራማው ሐኪም ቤት ሄዳ የታየች ሳምንት የጤና ጣቢያው ወንበር ለመጡት ሴቶች አልበቃም። ነርሷ እዚህ አለች፣ ምስክር ናት።

ባለፈው ዓመት ሰሃን እያጠብን ሳለ «እኔም እብጠት ነገር አግኝቻለሁ» አሉኝ። «ታዲያ አትታዪም?» ስላቸው፣ በዚያችው በእትዬ ነገ ድምፅ «ኧረ ቆይ፣ ነገ የት ይሄዳል!» አሉ። ወይኔ፣ እንዴት እንደሳቅን! ከዚያም በኋላ በጠየቅናቸው ቁጥር በዚያው ድምፅ ይመልሱ ነበር፤ ቤቱ ሁሉ ይስቃል። ለካ ፈርተው ነው። ሐኪም ቤት የሄዱት ክንዳቸውን ማንሳት ሲያቅታቸው ነው።

ማክሰኞ ማለዳ፣ ባለቤታቸው እጃቸውን እንደያዙ፣ በስድሳ አንድ ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸው፣ አንዲት የልጅ ልጃቸውና እኔ ቀርተናል።

ረቡዕ ጠዋት ሴት ልጃቸውን ይዤ ጤና ጣቢያ ሄድኩ፤ ሁለታችንም ታየን። «ሰው ለለቅሶ እየመጣ፣ ነገ አይደርስም?» ያሉን ነበሩ። አልሰማናቸውም።

እህቴ፣ ነገ በማይባልበት ቤቱ ፈጣሪ ያሳርፍሽ።